ሱቅ የነበራቸው ኢማም፦ የአቡ ሐኒፋ ሕይወትና የቤተሰብ ንግድ አማና



ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፣ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን በተለይ በቤተሰብ ሱቅ ውስጥ ለምትሠሩ ነው። በጀሞ፣ በለቡ፣ በመካኒሳና በላፍቶ መንገድ ዳር ከተደረደሩት የጨርቅ፣ የሕንፃ መሣሪያ፣ የሸቀጣ ሸቀጥና የሞባይል ሱቆች ብዙዎቹ የአባትና የልጅ፣ የወንድማማች ወይም የአጎትና የወንድም ልጅ መሆናቸውን ታውቃለህ። ምናልባትም አንዱ የእናንተ ነው። ጠዋት በሩን የምትከፍተው አንተ ነህ፤ ማታ ሒሳብ የሚዘጋው ግን ታላቅ ወንድምህ ነው። ደሞዝህ ስንት እንደሆነ ቁጭ ተብሎ የተነገረህ ቀን የለም። ገንዘብ ሲያስፈልግህ ትጠይቃለህ፣ ይሰጥሃል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ፊቱ ይጠቁርብሃል። ከገጠር መጥቶ አብሯችሁ የሚሠራው የአክስትህ ልጅ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ድርሻው ምን እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ እናንተም አታውቁም።

በዚህ ሱቅ ውስጥ ማንም ሌባ አይደለም። ግን ሁሉም በየልቡ የየራሱን ሒሳብ ይይዛል። አፍ አውጥቶ መጠየቅ ነውር ይመስላል፤ ይሉኝታ አለ። የተሸፈነው ነገር የሚፈነዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ አባት በሞተ በሳምንቱ ነው። አብረው ያደጉ ወንድማማቾች በአንድ መስጂድ ሰግደው ሰላም ሳይባባሉ የሚወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የአንድ ነጋዴን ሕይወት አብረን እንይ። ስሙን ታውቀዋለህ፤ ነጋዴነቱን ግን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ኢማም አቡ ሐኒፋ ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው።

ሙሉ ስማቸው ኑዕማን ኢብን ሳቢት ነው። በ80 ዓመተ ሂጅራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ699፣ ኢራቅ ውስጥ በኩፋ ከተማ ተወለዱ። ዘራቸው ከፋርስ ሰዎች ነው። የፊቅህ መንገዳቸው ዛሬ ከቱርክ እስከ ሕንድ ይከተሉታል። እኛም አገር ሩቅ አይደለም፤ በወሎ መድረሳዎች የሐነፊ ፊቅህ ለብዙ ዘመን ሲቀራ ኖሯል። አያትህ ወሎዬ ከሆኑ ሶላታቸውን የተማሩት በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ኑዕማን ያደጉት በጨርቅ ንግድ ውስጥ ነው። የሚነግዱት ኸዝ የሚባለውን፣ ከሐርና ከሱፍ የሚሠራውን ውድ ጨርቅ ነበር። በኩፋ የታወቀ ሱቅ ነበራቸው። በወጣትነታቸው ቀናቸው የሚያልፈው እንደ አንተ በገበያ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን አንድ ቀን ታላቁ ዓሊም ሸዕቢ ሲያልፉ አይተዋቸው ወዴት እንደሚመላለሱ ጠየቋቸው። ወደ ገበያ እንደሆነ ሲነግሯቸው ከየትኛው ዓሊም ዘንድ እንደሚቀመጡ ጠየቁ። እምብዛም እንደማይቀመጡ ሰሙ። ሸዕቢ በልጁ ውስጥ ንቃት አይተው ነበርና ዒልም እንዲፈልጉ መከሯቸው። ምክሩ ልባቸው ውስጥ ገባ።

ልብ በል፣ ኑዕማን ዒልም ፍለጋ ሲጀምሩ ሱቁን አልዘጉም። ሐማድ ኢብን አቢ ሱለይማን ከሚባሉት መምህራቸው እግር ሥር 18 ዓመት ያህል ተቀምጠው ተማሩ። መምህሩ በ120 ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱ የማስተማሪያ ቦታውን ተረከቡ፤ ያኔ ዕድሜያቸው 40 ነበር። ንግዱም ቀጠለ። የመምህራቸውን ውለታ ምን ያህል እንደያዙት ለማወቅ የልጃቸውን ስም ማየት ይበቃል፤ ልጃቸውም ሐማድ ይባላል።

ቀኑን ሙሉ ደርስ ላይ የሚውል ሰው ሱቁን እንዴት ያስተዳድራል? በሰው ነው። ሸሪክ ነበራቸው፣ ዕቃ ይዘው ወደ ሌላ ከተማ የሚሄዱላቸው ሰዎችም ነበሯቸው። እሳቸው በሌሉበት ገንዘባቸው በሌላ ሰው እጅ ያድር ነበር። እንግዲህ የእሳቸውን ሕይወት ለቤተሰብ ነጋዴ ትምህርት የሚያደርገው ይህ ነው። ሰው ማመን ለእሳቸው ዓይንን መጨፈን አልነበረም። ሥርዓት ነበረው።

ሸሪካቸው ሐፍስ ኢብን ዐብዱረሕማን ይባላሉ። አንድ ጊዜ ኢማሙ ጨርቅ ሰጥተው ላኳቸው፤ ከጨርቆቹ አንዱ ላይ ጉድለት እንዳለበትና ሲሸጡት ለገዢው እንዲነግሩ አስቀድመው አሳወቁ። ሐፍስ ሸጡት፤ ጉድለቱን መንገር ግን ረሱ። የገዛው ሰው ማን እንደሆነም አልታወቀም። ኢማሙ ይህን በሰሙ ጊዜ የዚያን ጨርቅ ዋጋ ብቻ ለይተው አላወጡም። የጭነቱን ገንዘብ በሙሉ ሶደቃ ሰጡት። መጠኑን 30,000 ዲርሃም የሚያደርሱት ዘጋቢዎች አሉ። ከዚያ በኋላ ሸሪክነታቸው እንደተለያየ የሚጽፉም አሉ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ኢማሙ አላህን መፍራት ነው፤ እውነት ነው። ግን በሱቅ ዓይንም እየው። በመጀመሪያ፣ ጉድለቱ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ሸሪካቸው ባያውቁ ኖሮ ጥፋቱ የእሳቸው አይሆንም ነበር። ስንቱ ሱቅ ውስጥ ነው ለሠራተኛው ሳይነገረው ለምን አላወቅክም ተብሎ የሚጮህበት? ሁለተኛ፣ የታሪኩ ክብደት የወደቀው ማን አጠፋ በሚለው ላይ ሳይሆን ገንዘቡ ንጹሕ ነው ወይ በሚለው ላይ ነው። ሦስተኛ፣ መለያየቱ እውነት ከሆነ፣ በንግድ መለያየት ጠላትነት እንዳልሆነ ይነግርሃል። ከወንድምህ ጋር በአንድ ሱቅ መሥራት ካልቻልክ ሒሳብ ተሳስባችሁ በሰላም መለየት ሐራም አይደለም። ሐራሙ አብሮ እየሠሩ መበዳደል ነው።

ሌላ ታሪክ ጨምርበት። አንዲት ሴት የሐር ልብስ ልትሸጥላቸው መጣች፤ 100 ዲርሃም ጠየቀች። ኢማሙ ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ነገሯት። 100 ጨመረች፤ አሁንም ከዚያ በላይ ነው አሏት። እንዲህ እያለች 400 ስትደርስ፣ አሁንም ከዚያ እንደሚበልጥ ሲነግሯት የሚቀልዱባት መሰላት። ዋጋ የሚያውቅ ሰው እንድታመጣ አደረጉ፤ መጨረሻ ላይ በ500 ገዟት።

እዚህ ላይ ቆም በልና አስብ። ሴትዮዋ በ100 ብትሸጥ ፈቅዳ ነው የሸጠችው፤ ማንም አላስገደዳትም። ኢማሙ ግን እሳቸው የሚያውቁትን እሷ እንደማታውቅ አዩ። ባለማወቋ ማትረፍ አልፈለጉም። በቤተሰብ ንግድ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የሚያውቅ ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜ ታላቁ ወንድም ነው። ዕቃው በስንት እንደገባ፣ በስንት እንደወጣ፣ ባንክ ውስጥ ስንት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው። ታናሹና የአክስት ልጁ አያውቁም፤ የተሰጣቸውን አመስግነው ይቀበላሉ። አንተ ያ የምታውቀው ሰው ከሆንክ፣ ስላልጠየቁህ ብቻ ነፃ የወጣህ አይምሰልህ። የማያውቅ ሰው ዝምታ ስምምነት አይደለም።

ደግሞ አንዲት አሮጊት መጡ። ደካማ መሆናቸውን ነግረው፣ ልብሱን በገባበት ዋጋ እንዲሸጡላቸው ለመኑ። ኢማሙ 4 ዲርሃም ብቻ እንዲከፍሉ አሏቸው። አሮጊቷ በእርጅናቸው የተቀለደባቸው መሰላቸው። ኢማሙም ሒሳቡን አስረዷቸው፦ ሁለት ልብስ አብረው ገዝተው ነበር፤ አንዱን ሲሸጡ ካወጡት ገንዘብ ከ4 ዲርሃም በቀር ሁሉም ተመልሶላቸዋል፤ ስለዚህ የቀረው ልብስ የገባበት ዋጋ 4 ዲርሃም ብቻ ነው። ኢማሙ እመኑኝ ብለው ብቻ ሊያልፉ ይችሉ ነበር፤ በኩፋ ከእሳቸው በላይ የሚታመን ነጋዴ ማን ነበር? ግን ሒሳቡን አሳዩ። ታማኝ ሰው ሒሳቡን ሲጠየቅ አይከፋውም። ይልቁንም ሳይጠየቅ ያሳያል።

አሁን ደግሞ ሰው አያያዛቸውን እንይ። ከተማሪዎቻቸው መሀል አቡ ዩሱፍ የሚባል ድሃ ልጅ ነበር። አባቱ፣ ኢማሙ ሀብታም እንደሆኑ፣ እነሱ ግን የዕለት ጉርስ ፈላጊ እንደሆኑ ነግሮ ልጁ ሥራ እንዲይዝ አደረገው። ልጁ ከደርስ ቀረ። ኢማሙ መቅረቱን አስተዋሉ፣ ጠየቁ። ሲመጣም ሰዎች እስኪሄዱ ጠብቀው 100 ዲርሃም የያዘ ከረጢት ሰጡት፤ ሲያልቅ እንዲነግራቸው አሉት። ልጁ ግን መንገር አላስፈለገውም፤ ከማለቁ በፊት ይጨምሩለት ነበር። ያ ልጅ በኋላ በኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ዘመን ዋና ቃዲ ሆኑ፤ ስለ ግብርና ስለ መንግሥት ገቢ ኪታቡል ኸራጅ የተባለውን የታወቀ ኪታብ ጻፉ።

በሱቃችሁ ካለው ልጅ ጋር አወዳድረው። ገንዘብ ለመጠየቅ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? በሰው ፊት ነው ወይስ ለብቻው የሚሰጠው? ኢማሙ የሰጡት ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ የልጁን ፊት ጠበቁለት።

ይህ ማለት ግን ስህተት አይቶ ማለፍ አልነበረም። አቡ ዩሱፍ በዒልም ጠንከር ሲል ጊዜው ሳይደርስ የራሱን የማስተማሪያ ክበብ ከፈተ። ኢማሙ ተቆጥተው አልሄዱም፤ አንድ ሰው ጥያቄ አስይዘው ላኩ። ጥያቄው ስለ ልብስ አጣቢ ነበር። አጣቢው ልብስ ተቀብሎ፣ ባለቤቱ ሲመጣ መቀበሉን ካደ። በኋላ ግን ልብሱን አጥቦ መለሰ። የማጠቢያ ዋጋ ይገባዋል ወይ? አቡ ዩሱፍ ይገባዋል ሲል ሰውየው ተሳስተሃል አለው፤ አይገባውም ሲልም ተሳስተሃል አለው። አቡ ዩሱፍ ወዲያው ተነስቶ ወደ ኢማሙ ሄደ። መልሱ እንዲህ ነበር፦ ያጠበው ከመካዱ በፊት ከሆነ ለባለቤቱ ነው የሠራውና ዋጋው ይገባዋል፤ ከካደ በኋላ ከሆነ ግን ያጠበው ለራሱ ነውና ምንም አይገባውም። አቡ ዩሱፍ ገና የሚቀረው ነገር እንዳለ ገባው፤ ወደ ቦታውም ተመለሰ። ያባረረው ሰው አልነበረም፣ የሰደበውም አልነበረም።

በደርሳቸውም ኢማሙ ብቻ ተናጋሪ አልነበሩም። ተማሪዎቻቸው ይከራከሯቸው ነበር። አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ በብዙ ጉዳይ ከመምህራቸው የተለየ አቋም ይዘዋል፤ አቋማቸውም ከእሳቸው አቋም ጎን ተጽፎ እስከ ዛሬ ይቀራል። ታናሽ ሐሳብ ሲሰጥ እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ሱቅ ከዚህ ብዙ ይማራል።

የንግዱ ትርፍስ የት ሄደ? ኢማሙ የዓመቱን ትርፍ ሰብስበው ለዑለማዎችና ለተማሪዎች ቀለብና ልብስ ይገዙበት ነበር፤ የተረፈውንም በገንዘብ ይሰጧቸው ነበር። ሲሰጡም አላህን እንጂ እሳቸውን እንዳያመሰግኑ ያሳስቡ ነበር። ለቤተሰባቸው ባወጡ ቁጥር ያንኑ ያህል ሶደቃ ይሰጡ እንደነበርም ተዘግቧል። ገንዘባቸው ከራሳቸው ሱቅ ስለነበር የማንንም ፊት አላዩም። የኡመያ ገዥ የነበረው ኢብን ሁበይራ ሹመት ሲሰጣቸው እምቢ በማለታቸው ተገረፉ። በኋላ የዐባሲያው ኸሊፋ መንሱር ቃዲ እንዲሆኑ ሲጠይቃቸው አሁንም እምቢ አሉ፤ ታሠሩ። በ150 ዓመተ ሂጅራ፣ በ767፣ በባግዳድ ወደ አኺራ ሄዱ። የሐላል ሱቅ ለእውነት ለመቆም ምን ያህል አቅም እንደሚሰጥ ከዚህ ተመልከት።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። ለቤተሰብ ንግድ ትልቁ ፈተና የሚመጣው ባለቤቱ ሲሞት ነው።

ኢማሙ ሲሞቱ እጃቸው ላይ የብዙ ሰው አደራ ነበር፤ ወርቅ፣ ብርና ሌላም ገንዘብ። ከባለቤቶቹ መካከል በቦታው የሌሉ ነበሩ፤ የቲሞችም ነበሩ። ልጃቸው ሐማድ ይህን ሁሉ ተሸክመው ወደ ቃዲው ሄዱ፤ እንዲረከባቸውም ጠየቁ። ቃዲው ሐማድን ያውቃቸዋልና ከእሳቸው የተሻለ ጠባቂ እንደሌለ ነግሮ እጃቸው ላይ እንዲቆይ ፈለገ። ሐማድ አልተስማሙም። ቃዲው መዝኖና ቆጥሮ እንዲረከብ፣ የአባታቸው ኃላፊነት በዚያ እንዲወርድ፣ ከዚያ በኋላ የፈለገውን እንዲያደርግ አሳሰቡ። ሚዛኑና ቆጠራው ቀናት ፈጀ። ሲያልቅ ሐማድ ተሰወሩ፤ ቃዲው አደራውን ለሌላ ሰው እስኪያስረክብ ድረስ አልታዩም።

ሐማድ ገንዘቡን ቢይዙ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር፤ ቃዲው ራሱ ፈቅዶላቸዋል። ግን አባታቸውን አሰቡ። በቀብር ውስጥ ያለ አባት ከልጁ የሚፈልገው ትልቅ ድንኳንና ብዙ ለቅሶኛ አይደለም፤ ዕዳው እንዲወርድለት ነው። ሐማድ ይህን ሊያደርጉ የቻሉት ደግሞ የማን ምን እንዳለ የሚታወቅበት ሥርዓት ስለነበረ ነው።

አሁን አባትህን አስብ፤ አላህ ዕድሜውን ያርዝምልህና። ዛሬ ማታ ቢወሰድ በዱቤ የመጣው ዕቃ የማን እንደሆነ ታውቃለህ? ጎረቤት ያስቀመጠው ገንዘብ፣ የእቁቡ ሒሳብ፣ ለአጎትህ ያልተመለሰው መነሻ ካፒታል የት ተጽፏል? በቃሉ ብቻ ከያዘው፣ እሱ ሲሄድ አማናውም አብሮ ይቀበራል። እናንተም ሳታውቁት አደራ በላ ትሆናላችሁ።

አላህ በቁርኣን ውስጥ ከሁሉ ረጅም የሆነውን አንቀጽ ያወረደው ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው፤ ሱረቱል በቀራ 282ን ዛሬ ከፍተህ ከነትርጉሙ አንብበው። የተነገረውም ለአማኞች ነው። ስለዚህ መጻፍ ያለመተማመን ምልክት አይደለም፤ መተማመንን የሚጠብቅ አጥር ነው። የሐነፊ ፊቅህም በሸሪክነት ጉዳይ ግልጽ ነው፦ ትርፍ በተስማሙበት ክፍልፋይ ይከፈላል፤ ኪሳራ ግን በየካፒታሉ መጠን ነው። ለአንዱ ሸሪክ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ከትርፉ አስቀድሞ መወሰን ሸሪክነቱን ያበላሻል። ደሞዝተኛ ከሆነ ደግሞ ደሞዙ መታወቅ አለበት። አንተ በሱቁ ውስጥ ሸሪክ ነህ ወይስ ደሞዝተኛ? ወይስ አባትህን በነፃ የምታግዝ ልጅ? ሦስቱም ሐላል ናቸው። የሚጎዳው የትኛው እንደሆንክ አለመታወቁ ነው።

እህቴ፣ ይህ ላንቺም ነው። ከትምህርት መልስ ካሸር ላይ የምትቀመጪው፣ ዕቃ የምታዝዢው አንቺ ሆነሽ ሳለ ድርሻ ሲነሳ ስምሽ የሚዘለል ከሆነ፣ መጠየቅሽ ነውር አይደለም። እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) በራሳቸው ካፒታል የሚነግዱ፣ ሰዎችን በታወቀ ውል ወደ ሻም የሚልኩ ነጋዴ ነበሩ። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የእሳቸውን ዕቃ ይዘው የነገዱት በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ሳምንት ሥራ ይዘህ ሂድ። ከዒሻ በኋላ፣ ሱቁ ሲዘጋና ሁሉም ሲረጋጋ፣ አባትህን ወይም ወንድምህን በአደብ አነጋግር። ድርሻዬ ስንት ነው ብለህ አትጀምር፤ የሐማድን ታሪክ ንገረውና በሱቁ ውስጥ ያለውን የሰው አደራ አብራችሁ ለመጻፍ ጠይቀው። አንድ ደብተር ይበቃል። መጀመሪያ የሰው ገንዘብ ይጻፍ፤ የምንሰጠውና የምንቀበለው። ቀጥሎ የሚሠራው ሰው ሁሉ፣ የአክስት ልጁም ጭምር፣ ምን እንደሚገባው ይጻፍ። ሁለት ምስክር ይፈርምበት። የአክስት ልጁ ያለፉት ሦስት ዓመታት ሳይረሱ ከዚያ ይጀመር፤ ከሁሉም በላይ ለመጠየቅ የሚፈራው እሱ ነውና።

መጀመሪያ ላይ ፊት ሊጠቁር ይችላል። ታገሥ፤ ድጋሚም ጠይቅ። ዛሬ የአንድ ምሽት ቅሬታ፣ ነገ በጀናዛ ማግስት ከሚመጣው ጠብ ይሻላል።

አላህ ሱቆቻችንን በረካ ያድርግባቸው፤ አማናችንን ሳንበላ የምንገናኘው ያድርገን፤ በአባቶቻችን ላይ ያለውን ሐቅ በሕይወት እያሉ የምናወርድላቸው ልጆች ያድርገን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!